ስለ ብርሃን ባሕርይ

፩። መግቢያ

ለሰው እጅግ የቀረበ፥ ባሕርዩ ግን ከሰው አእምሮ የራቀ ፍጥረት ቢኖር ብርሃን ነው። ሕፃን ከእናቱ ማኅፀን ሲወጣ ይቀበለዋል፤ ሽማግሌም ዓይኑ ሲፈዝ ይናፍቀዋል። የሥነ ፍጥረት መምህራን በእሑድ ቀን ከተፈጠሩት ፍጥረታት አንዱ ብርሃን እንደ ሆነ ያስተምራሉ። ብርሃን ባይኖር እህል አይበቅልም፥ ቀለም አይለይም፥ መጽሐፍም አይነበብም።

ነገር ግን አንድ ልጅ ተነሥቶ፥ «ብርሃን ራሱ ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ቀላል አይደለም። ሰው በብርሃን ሁሉን ያያል እንጂ የብርሃንን ባሕርይ በዓይኑ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ነገር የአውሮፓ ሊቃውንት ከ200 ዓመት በላይ ተከራክረዋል። እኩሌቶቹ ብርሃን እንደ ውኃ ሞገድ ነው ይሉ ነበር፤ እኩሌቶቹም ብርሃን እንደ እህል ፍሬ አንድ አንድ ሆኖ የሚወረወር ነው ይሉ ነበር። የክርክሩ ፍጻሜ ግን ሁለቱም ወገኖች ያላሰቡት ሆነ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፪። ብርሃን መንገደኛ ነው

በቀድሞ ዘመን ብዙ ሰዎች ብርሃን ጊዜ ሳይፈጅ በቅጽበት ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ይመስላቸው ነበር። በ1676 ዓመት ኦለ ሮመር የሚባል የዴንማርክ ሰው በፓሪስ ከተማ ሆኖ ጁፒተር የሚባለውን ታላቅ ፕላኔት ከምትዞረው ከአንዲት ጨረቃ የሚመጣውን ብርሃን መረመረ። ይህች ጨረቃ በጁፒተር ጥላ ውስጥ ገብታ የምትሰወርበትና ወጥታ የምትገለጥበት ሰዓት አስቀድሞ ይቈጠር ነበር። ነገር ግን ምድር ከጁፒተር በራቀች ጊዜ የጨረቃይቱ መገለጥ ከተቈጠረው ሰዓት ይዘገያል፤ ምድር በቀረበች ጊዜ ግን ይፈጥናል። ሮመርም የዘገየችው ጨረቃይቱ ሳትሆን መንገድ የረዘመበት ብርሃን እንደ ሆነ አስተዋለ።

ዛሬ የብርሃን ፍጥነት በትክክል ታውቋል። ብርሃን በባዶ ሕዋ ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 299,792 ኪሎሜትር ይሄዳል። ፀሐይ ከምድር 150 ሚሊዮን ኪሎሜትር ያህል ስለምትርቅ፥ ብርሃኗ ወደ እኛ ምድር ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ እረኛ በማለዳ በኰረብታ ላይ ቆሞ ፊቱን የሚያሞቀው ብርሃን፥ ከብቶቹን ከበረት ሲያወጣ ሳለ ገና በመንገድ ላይ የነበረ ነው።

፫። ሁለት አሳቦች

እንግዲህ ብርሃን መንገደኛ ከሆነ፥ የሚጓዘው ነገር ምንድር ነው?

አይዛክ ኒውተን የሚባል ታላቅ የእንግሊዝ ሊቅ የፀሐይን ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል አስገብቶ፥ ባለ ሦስት ማዕዘን በሆነ መስተዋት ውስጥ አሳለፈው። ነጩም ብርሃን ተከፋፍሎ እንደ ቀስተ ደመና ቀይ፥ ቢጫ፥ አረንጓዴ፥ ሰማያዊ፥ ሐምራዊ ሆኖ በግድግዳው ላይ ታየ። በዚህም ነጭ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድብልቅ እንደ ሆነ አስረዳ፤ ይህንንም በ1672 ለሊቃውንት ገለጠ። ኒውተን ብርሃን ከሚያበራው ነገር እየተወረወሩ የሚወጡ እጅግ ጥቃቅን አካላት ነው ብሎ ያስብ ነበር። ምክንያትም ነበረው። ሰው ከግንብ በስተኋላ ቢጣራ ድምፁ ይሰማል፤ ከግንብ በስተኋላ ያለ መብራት ግን አይታይም። የውኃ ሞገድ ድንጋይ ቢያገኝ ዞሮት ያልፋል፤ ብርሃን ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ ከድንጋዩ በስተኋላ ጥላ ይተዋል።

በዚያው ዘመን ክርስቲያን ሆይኸንስ የሚባል የሆላንድ ሊቅ በ1690 ባሳተመው መጽሐፍ ብርሃን ሞገድ ነው ብሎ አስተማረ። እርሱም ምክንያት ነበረው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው ጠጠር ቢወራወሩ ጠጠሮቹ በመካከል ሊጋጩ ይችላሉ። የሁለት መብራቶች ብርሃን ግን እርስ በርሱ ሲተላለፍ አይጋጭም፤ በኩሬ ላይ እንደሚተላለፉ ሁለት ሞገዶች እያንዳንዱ መንገዱን ይቀጥላል።

ሁለቱም አሳቦች ምክንያት ነበራቸው፤ ነገር ግን የኒውተን ስም እጅግ የገነነ ስለ ነበረ ብዙ ሊቃውንት 100 ዓመት ያህል እርሱን ተከተሉ። ጥፋቱ የኒውተን አልነበረም። እርሱ የተናገረው ባየው ነገርና በምክንያት ነው፤ ከተከታዮቹ ብዙዎቹ ግን ምክንያቱን መመርመር ትተው ስሙን ያዙ።

፬። ብርሃን በብርሃን ላይ ሲጨመር

ቶማስ ያንግ የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም በ1773 ተወለደ። ይህ ሰው ስለ ሞገድ እንዲህ ያስብ ነበር። ሁለት ጠጠሮች በኩሬ ውስጥ በአንድ ጊዜ ቢጣሉ ሁለት ሞገዶች ይነሣሉ። የአንዱ ከፍታ ከሌላው ከፍታ ጋራ በተገናኘበት ስፍራ ውኃው አብልጦ ይነሣል፤ የአንዱ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋራ በተገናኘበት ስፍራ ግን ሁለቱ ይጣፋሉና ውኃው ጸጥ ይላል። የእህል ፍሬ እንዲህ አይደለም። ሁለት ፍሬ በሁለት ፍሬ ላይ ቢጨመር አራት ይሆናል እንጂ ባዶ አይሆንም። ስለዚህ ብርሃን በብርሃን ላይ ተጨምሮ ጨለማ የሚሆንበት ስፍራ ቢገኝ፥ ብርሃን ሞገድ ለመሆኑ ምስክር ይሆናል።

ያንግም የመስኮቱን መዝጊያ ዘጋ፤ በመዝጊያው ባለው ቀዳዳ ላይ ወፍራም ወረቀት አድርጎ በመርፌ በሳው። በዚያች ቀዳዳ የገባውን የፀሐይ ጨረር ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር በሚያንስ የወረቀት ስንጣሪ ለሁለት ከፈለው፤ እኩሌታው በስንጣሪው ቀኝ፥ እኩሌታው በግራ አለፈ። በስንጣሪው ጥላ ውስጥም ብርሃንና ጨለማ እየተፈራረቁ መስመር መስመር ሆነው ታዩ። ቀጥሎ በአንዱ ወገን የሚያልፈውን ብርሃን ጋረደው፤ በዚያን ጊዜ መስመሮቹ ጠፉ። ሁለቱ ብርሃኖች ሲገናኙ ጨለማ የነበረው ስፍራ፥ አንዱ ሲጋረድ ጨለማነቱ ቀረ። ይህንን በ1803 በሎንዶን ለሊቃውንት ጉባኤ አነበበ።

ነገር ግን ብዙዎች አልተቀበሉትም። በኤዲንበርግ ይታተም በነበረ መጽሔት ላይ ስሙን ያልገለጠ ጸሐፊ በያንግ ላይ ተሳለቀ። ያንግ መልስ ጽፎ አሳተመ፤ ከዚያች መልስ የተሸጠችው ግን አንዲት ቅጂ ብቻ እንደ ነበረች ተነግሯል። ያንግ በዚህ አልተሳደበም፥ ያየውንም አልካደም፤ ወደ ሥራው ተመለሰ።

፭። ቅኑ ዳኝነት

በፈረንሳይ አገር ኦጉስቲን ፍሬኔል የሚባል መንገድ የሚያሠራ መሐንዲስ ነበረ። በ1818 የፓሪስ የሊቃውንት ጉባኤ ስለ ብርሃን ያዘጋጀው ውድድር ላይ ብርሃን ሞገድ ነው የሚል ጽሑፍ አቀረበ። ዳኞቹ አምስት ነበሩ፤ ከእነርሱም ሦስቱ የጥቃቅን አካላት አሳብ ወገን ነበሩ።

ከነዚህ ሦስት ዳኞች አንዱ ሲሜዎን ፑዋሶን እጅግ የበረታ የሒሳብ ሊቅ ነበረ። የፍሬኔልን ስሌት ይዞ እስከ ዳር ቢከተለው እንግዳ ነገር አገኘ። ስሌቱ እውነት ከሆነ፥ በብርሃን ፊት አንዲት ክብ ሰሌዳ ብትቆም በጥላዋ መካከል፥ ጨለማ ሊበረታበት በሚገባው ስፍራ፥ የብርሃን ነጥብ መታየት ነበረበት። ፑዋሶን ይህ ሊሆን የማይገባ ስለ መሰለው የፍሬኔል አሳብ የፈረሰ መሰለው።

ሌላው ዳኛ ፍራንሷ አራጎ ግን፥ የሚሆንና የማይሆን ተመርምሮ ይታወቃል ብሎ 2 ሚሊሜትር ስፋት ያላትን ክብ ነገር በብርሃን ፊት አቆመ። በጥላዋም መካከል የብርሃን ነጥብ በራ። ፍሬኔልን ለማፍረስ የመጣው ስሌት ለፍሬኔል ምስክር ሆነ። ዳኞቹም ወገናቸውን ትተው በ1819 ሽልማቱን ለፍሬኔል ሰጡ። ይህ የቅን ዳኝነት ምልክት ነው፤ ዳኛ የሚመረመረው ለወዳጁ ሲፈርድ ሳይሆን ለባላጋራው ሲፈርድ ነውና።

የኒውተን ምክንያትም በዚህ ተፈታ። የብርሃን ሞገድ እጅግ ጥቃቅን ነው። በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 1,400 ያህል የቀይ ብርሃን ሞገዶች ይሰለፋሉ፤ የሐምራዊ ብርሃን ሞገዶች ግን 2,500 ያህል ይሰለፋሉ። ሞገድ በዙሪያው የሚታጠፈው እንደ ራሱ ልክ ትንሽ የሆነ ነገር ሲያገኝ ነው። ድንጋይና ግንብ ለብርሃን ሞገድ እጅግ ታላላቅ ስለ ሆኑ መታጠፉ በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ጥላ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ጀምስ ክለርክ ማክስዌል የሚባል የስኮትላንድ ሊቅ በ1865 ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ እንደ ሆነ በስሌት አስረዳ። ሃይንሪክ ኸርዝ የሚባል የጀርመን ሊቅም በ1887 እና በ1888 ዓይን የማያያቸውን እንደዚህ ያሉ ሞገዶች በመሣሪያ አስነሥቶ አሳየ። ክርክሩም ለዘላለም የተዘጋ መሰለ።

፮። የኃይል ቋጠሮ

ነገር ግን ኸርዝ ሞገዱን ሲመረምር ሳለ በ1887 አንድ ትንሽ ነገር አስተዋለ። ዓይን የማያየው ከሐምራዊ ወዲያ ያለው ብርሃን በብረት ላይ ሲያርፍ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። ሌሎች ሊቃውንት ይህን ቢመረምሩ፥ ብርሃኑ ኤሌክትሮን የሚባሉትን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ አካላት ከብረቱ የሚያስወጣ ሆኖ ተገኘ።

የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው። ፖታሲየም በሚባለው ብረት ላይ ቀይ ብርሃን ምንም ቢበረታ አንድ ኤሌክትሮን እንኳ አያስወጣም፤ ሐምራዊ ብርሃን ግን ምንም ቢደክም ያስወጣል። ብርሃን ሞገድ ብቻ ቢሆን የበረታው ቀይ ብርሃን ከደካማው ሐምራዊ ይልቅ ብዙ ሥራ መሥራት በተገባው ነበር። ስለዚህ ሊቃውንት ተጨነቁ።

በ1900 ማክስ ፕላንክ የሚባል የጀርመን ሊቅ በበርሊን ከተማ፥ የጋሉ ነገሮች የሚሰጡትን ብርሃን ሲመረምር፥ ኃይል የሚሰጠውና የሚወሰደው በተወሰነ ቋጠሮ ቋጠሮ እንደ ሆነ ካልታሰበ ስሌቱ እንደማይገጥም አገኘ። በ1905 አልበርት አንስታይን የሚባል ሰው፥ በስዊስ አገር በበርን ከተማ የአዳዲስ መሣሪያዎችን ፈጠራ በሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ሲያገለግል ሳለ፥ ከዚህ አልፎ ብርሃን ራሱ የኃይል ቋጠሮ ነው ብሎ ጻፈ። ጤፍ ከእንቅብ ወደ ጎተራ ሲገለበጥ እንደ ውኃ የሚፈስ ይመስላል፤ ቀርቦ ለሚያየው ግን ፍሬ ፍሬ ነው። ብርሃንም እንዲሁ ከሩቅ አንድ ፈሳሽ ይመስላል እንጂ ኃይሉን የሚሰጠው በቋጠሮ ነው። የሐምራዊ ብርሃን ቋጠሮ ከቀይ ብርሃን ቋጠሮ ይልቅ ሁለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ኃይል አለው።

ይህን በምሳሌ ማስተዋል ይቻላል። በሐይቅ ዳር አንድ ታንኳ ቀዛፊ አለ እንበል። ሕጉ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ለመሻገር ከአንድ ብር የማያንስ አንድ ገንዘብ በእጁ ይዞ መምጣት አለበት፤ የሁለት ሰው ገንዘብ ተደምሮ ለአንድ ሰው መሻገሪያ አይሆንም። አንድ ሺህ ልጆች እያንዳንዳቸው ሃምሳ ሳንቲም ይዘው ቢመጡ ገንዘባቸው ተደምሮ ብዙ ነው፤ ነገር ግን አንዱም አይሻገርም። አንድ ልጅ ብቻውን አምስት ብር ይዞ ቢመጣ ግን ወዲያው ይሻገራል፤ የሚተርፈውንም ይዞ ይሄዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን ማበር አይጠቅምም። ልጆቹ ቋጠሮዎች ናቸው፤ የያዙትም ገንዘብ ኃይላቸው ነው። ቀይ ብርሃን ሃምሳ ሳንቲም የያዙ ብዙ ልጆች ነው፤ ሐምራዊም አምስት ብር የያዘ አንድ ልጅ ነው። የሚተርፈው ገንዘብ ኤሌክትሮኑ ከብረቱ ወጥቶ የሚሮጥበት ኃይል ነው።

፯። ያላመነው ምስክር

የአንስታይንን አሳብ ብዙ ሊቃውንት አልወደዱትም። በአሜሪካ ሮበርት ሚሊካን የሚባል በእጅ ሥራ የተካነ ሊቅ፥ አሳቡ ሐሰት ይሆናል ብሎ 10 ዓመት ያህል ደከመ። አየር በወጣለት የመስተዋት ዕቃ ውስጥ የብረቱን ፊት እየላገ፥ ብርሃኑን በቀለም በቀለሙ እየለየ መዘነ። የተገኘው ቍጥር ግን በያንዳንዱ ቀለም የአንስታይን ስሌት ትክክል መሆኑን መሰከረ።

ሚሊካን ቍጥሩን ለመሸሸግ ወይም ለማጣመም ይችል ነበር። እርሱ ግን ልቡ የቋጠሮውን አሳብ ገና ሳይቀበል፥ እጁ ያገኘውን በ1916 እንዳለ አሳተመ። ሐሰተኛ ሰው የሚወደውን ብቻ ይመሰክራል፤ እውነተኛ ሰው የማይወደውን እንኳ ካየው ይመሰክራል። የ1921 የኖቤል ሽልማት ለአንስታይን ስለዚህ ሥራ ተሰጠ፤ ሚሊካንም በ1923 ሽልማቱን ተቀበለ። በ1926 የብርሃን ቋጠሮ ፎቶን የሚል ስም አገኘ፤ እስከ ዛሬም በዚህ ስም ይጠራል።

፰። ሁለቱ እንዴት ይስማማሉ?

እንግዲህ ብርሃን ቋጠሮ ከሆነ ያንግ ያያቸው መስመሮች ከየት መጡ? በ1909 ጆፍሪ ቴይለር የሚባል የእንግሊዝ ወጣት የመርፌን ጥላ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ለማንሣት ብርሃኑን እጅግ አደከመው። ድካሙም ከአንድ ማይል ጥቂት ያለፈ ርቀት ላይ እንዳለ የአንድ ሻማ ብርሃን ሆነ። ሰሌዳውን ለዚህ ብርሃን 2,000 ሰዓት ያህል፥ ማለት ሦስት ወር ያህል፥ ገልጦ ተወው። ቢያጥበውም መስመሮቹ በብርቱ ብርሃን እንደሚታዩት ጥርት ብለው ታዩ።

በዛሬ ዘመን አንዱን ፎቶን ከሌላው ለይቶ የሚቈጥር መሣሪያ አለ። ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ከአንድ ፎቶን በላይ እንዳያልፍ ሆኖ በሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች ቢላክ፥ በሰሌዳው ላይ መጀመሪያ አንድ ነጥብ፥ ቀጥሎ ሌላ ነጥብ ይታያል፤ ይህ የቋጠሮ ምልክት ነው። ነጥቦቹ ሺህ በሺህ ሲሆኑ ግን የብርሃንና የጨለማ መስመሮች ሠርተው ይገኛሉ፤ ይህ የሞገድ ምልክት ነው። ስለዚህ ብርሃን ሲጓዝ የሞገድን ሥርዓት ይከተላል፤ ኃይሉን ሲሰጥና ሲቀበል ግን ቋጠሮ ነው። ሞገድና ፍሬ ሰው ከኩሬና ከጎተራ የተዋሳቸው ስሞች ናቸው፤ ብርሃን ግን ኩሬም ጎተራም ሳይኖር የነበረ ስለ ሆነ ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ሊወሰን አልተገባውም።

ይህ እውቀት ለሊቃውንት ብቻ አልቀረም። ዛሬ በገጠር ቤት ጣራ ላይ ተዘርግቶ የሚታየው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ የሚሠራው የብርሃን ቋጠሮዎች በውስጡ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ስለሚያነሣሡ ነው። ኸርዝ በ1887 ያላቃለላት ትንሽ ነገር፥ ዛሬ ለሚያጠና ልጅ በሌሊት መብራት ሆናለች።

፱። ምክር

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋት በአንድ ጊዜ አይበራም፤ አስቀድሞ ጎሕ ይቀድዳል፥ ቀጥሎ ፀሐይ ትወጣለች። የብርሃን እውነትም እንዲሁ ከኒውተን ጥቂት፥ ከሆይኸንስ ጥቂት፥ ከያንግና ከፍሬኔል፥ ከፕላንክና ከአንስታይን ጥቂት ጥቂት ሆኖ ጠራ። ብቻውን ሁሉን ያወቀ አልነበረም፤ ከእነርሱ መካከል ድካሙ በከንቱ የቀረ አልነበረም።

ስለዚህ ተማሪ ሦስት ነገር ይጠብቅ። መጀመሪያ፥ የታላቅ ሰውን ስም ያክብር፥ ምክንያቱንም ይመርምር። ሁለተኛ፥ ቢሳለቁበት ያየውን እውነት አይካድ፥ የሚሳለቀውንም አይሳደብ። ሦስተኛ፥ ከጓደኛው ጋራ ሲከራከር ለመርታት ብቻ አይናገር፤ ሁለቱም የእውነትን እኩሌታ ይዘው ይሆናልና። በጨለማ ክፍል ውስጥ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ በቅታ ይህን ያህል ጥበብ ከገባባት፥ ለትዕቢት ባልተዘጋ ልብማ ምን ያህል አብልጦ ይገባ ይሆን!

ጥያቄ

፩። የፀሐይ ብርሃን ወደ ምድር ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል?
፪። ኒውተን ብርሃን ጥቃቅን አካላት ነው ያለው በምን ምክንያት ነው? ምክንያቱስ በኋላ እንዴት ተፈታ?
፫። ያንግ በአንዱ ወገን የሚያልፈውን ብርሃን በጋረደ ጊዜ ምን ሆነ?
፬። በታንኳው ምሳሌ ውስጥ ሃምሳ ሳንቲም የያዙት ልጆች የምን ምሳሌ ናቸው? የሚተርፈው ገንዘብስ?
፭። ከፓሪስ ዳኞችና ከሚሊካን ሥራ ተማሪ ምን ይማራል?